የቀበሌው ፖሊስ የማን ነው?

(በዩኒየኑ የምሥረታ በዓል ላይ በሻንቶ ከተማ የቀረበ ንግግር)








በእንዲህ ያለ በዓል ላይ ብዙውን ጊዜ የሚነገረው ስለ ማዳበሪያ፣ ስለ ምርጥ ዘር፣ ስለ ትርፍ ክፍፍልና ስለ ገበያ ነው። ይህ ንግግር ግን ስለ ቀበሌ ፖሊስ ነው። “ፖሊስና ኅብረት ሥራ ማኅበር ምን አገናኛቸው?” የሚል ሊኖር ይችላል። መልሱ ሩቅ አይደለም። በመጋዘን ያደረው ማዳበሪያ ሳይጎድል የሚነጋው፣ ጥጃው ከበረት ሳይወጣ የሚያድረው፣ በቆሎ ሸጦ ብር ይዞ ከገበያ የሚመለሰው አባል ቤቱ በሰላም የሚገባው ሰላም ሲኖር ነው። ሰላም ከሌለ አርሶ አደሩ ቀን ያረሰውን ሌሊት ሲጠብቅ ያድራል፤ ሌሊት ሲጠብቅ ያደረ ደግሞ በማግስቱ አያርስም።

በመሆኑም ዛሬ የሚነሣው ጥያቄ አንድ ነው፦ ቀበሌያችሁ ውስጥ የተመደበው የማኅበረሰብ ፖሊስ የማን ነው? የመንግሥት ነው? የሊቀ መንበሩ ነው? የማኅበሩ ነው? ወይስ የሁሉም ነዋሪ?

ሐሳቡ ከየት መጣ?

የማኅበረሰብ ፖሊስ የሚለው ስም አዲስ ቢመስልም፣ ሕዝቡ ራሱ የአካባቢውን ፀጥታ መጠበቁ በኢትዮጵያ የቆየ ነው። አባቶች አውጫጭኝ ወይም አፈርሳታ የሚሉት ሥርዓት ነበር። ከብት ሲሰረቅ፣ ቤት ሲቃጠል ወይም ሰው ሞቶ ገዳዩ ሲጠፋ የአገሬው ሰው በአንድ ቦታ ይሰበሰባል፤ ያየና የሰማ እንዲናገር በመሐላ ይጠየቃል፤ ጥፋተኛው እስኪወጣ መበተን አይፈቀድም፤ ሳይወጣ ከቀረም ዕዳውን አገሩ በጋራ ይከፍላል። ይህ ሥርዓት አንድ ትልቅ ቁም ነገር ነበረው፤ ወንጀልን የሚያውቀው የመንደሩ ሰው መሆኑን ተረድቶ ነበር። ነገር ግን ጉድለትም ነበረበት። ንጹሑ ከጥፋተኛው ጋር ይቀጣል፤ ደካማውና ወገን የሌለው ደግሞ በቀላሉ ይጠቆማል። ሌባ ሻይ የሚባለው ልማድም ከዚህ የባሰ ነበር፤ መድኃኒት የጠጣ ልጅ እየተንገዳገደ የገባበት ቤት ባለቤት ሌባ ይባል ነበርና።

ዘመናዊው የኢትዮጵያ ፖሊስ ሠራዊት በ1934 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 6 ሲቋቋም ሥራው ወደ ሠለጠነ ሰው ተላለፈ። ይሁን እንጂ ፖሊሱ በከተማ ጣቢያ ተቀመጠ፤ የገጠሩ ሰው ፖሊስን የሚያየው ሲከሰስ ወይም ሲከስስ ብቻ ሆነ። በደርግ ዘመን የገበሬ ማኅበራት የፍርድ ሸንጎና የጥበቃ ጓድ ነበሯቸው፤ ነገር ግን የመንደሩ ጥበቃ የትእዛዝ ማስፈጸሚያ እየሆነ ስለመጣ፣ ብዙ ሰው መሣሪያ የያዘ ሰው ወደ ደጁ ሲመጣ “ምን ሊወስድ ነው?” ማለትን ለመደ። ያ ልማድ እስከ ዛሬ ከአንዳንዱ ቤት አልወጣም።

ከ1990ዎቹ ዓ.ም. ሁለተኛ አጋማሽ ጀምሮ ደግሞ የማኅበረሰብ አቀፍ ፖሊስ አገልግሎት በአዲስ አበባ፣ በአማራ ክልልና በሌሎችም ክልሎች መስፋፋት ጀመረ። ዋናው አሠራር ፖሊሱን ከጣቢያ አውጥቶ ወደ ቀበሌ ማውረድ፣ ከነዋሪው የተውጣጣ አማካሪ ምክር ቤት ማቋቋም፣ ቤተሰብና ጎረቤት ወንጀልን አስቀድሞ እንዲከላከል ማድረግ ነው።

ይህ ዓይነት አሠራር በሌላም አገር አለ። በጃፓን ገጠር ቹዛይሾ የሚባል ትንሽ የፖሊስ ቤት ይገኛል። ፖሊሱ ከሚስቱና ከልጆቹ ጋር እዚያው ይኖራል፤ ቤት ለቤት እየዞረ ነዋሪውን ይተዋወቃል። ሲንጋፖርም ይህን አይታ በ1983 እ.ኤ.አ. የሠፈር ፖሊስ ጣቢያዎችን ከፍታለች። አገሮቹ በሀብት ከወላይታ የራቁ ናቸው፤ ምሥጢራቸው ግን ገንዘብ አይጠይቅም። ፖሊሱ የሰዎቹን ስም ያውቃል፤ ሰዎቹም የእርሱን ስም ያውቃሉ።

የሥራው ጠባይ

ለግብርና ልማት ባለሙያና ለጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ እንግዳ ያልሆነ አርሶ አደር የቀበሌ ፖሊስን ሥራ ለመረዳት አይቸገርም። የግብርና ባለሙያው የሚመዘነው በሽታ ከገባ በኋላ በረጨው መድኃኒት ሳይሆን፣ በሽታው እንዳይገባ አስቀድሞ ባስተማረው ነው። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋም ሥራዋ ልጁ ከመታመሙ በፊት ክትባቱን ማስከተብ ነው። የቀበሌው ፖሊስም እንዲሁ ነው። አባቶች “ሳይቃጠል በቅጠል” ያሉት ይህንኑ ነው።

ጥሩ የቀበሌ ፖሊስ ውሎው በቢሮ አይደለም። ጠዋት ተማሪዎች ወደ ትምህርት ቤት በሚሄዱበት መንገድ ይታያል። ከትምህርት ቤት የቀረች ልጅ ካለች ለምን እንደቀረች ይጠይቃል። በገበያ ቀን ከብት በሚሸጥበት ቦታ ቆሞ ሻጩ የከብቱ ባለቤት ለመሆኑ ምስክር እንዲያቀርብ ያሳስባል። ሲመሽ ከጥበቃና ከሚሊሻ አባላት ጋር ተነጋግሮ የሌሊቱን ተራ ያውቃል። ለቅሶ ላይ ይገኛል፤ ዕድር ላይ ይቀመጣል፤ የጊፋታ በዓል ሲቃረብ ደግሞ ከሽማግሌዎች ጋር የተጣሉትን ይጠይቃል። ወላይታ በጊፋታ ቂም ይዞ ወደ አዲስ ዓመት መሻገርን አይወድምና፣ ለዕርቅ ከዚህ የተሻለ ወቅት አይገኝም።

ይህን ሁሉ የሚያደርገው ሰው በዐዋጅ አይታመንም፤ በጊዜ ብዛት ነው የሚታመነው። በስድስት ወር የሚቀያየር ፖሊስ የማን ማሳ ከማን ጋር እንደሚዋሰን እንኳን ሳያውቅ ይሄዳል። ስለሆነም የወረዳው አመራር ፖሊሱን በየጊዜው ከማዛወር ቢቆጠብ መልካም ነው።

ጠቡ የሚነሣው ከየት ነው?

ወላይታ በኢትዮጵያ ሕዝብ ተጠጋግቶ ከሚኖርባቸው የገጠር አካባቢዎች አንዱ ነው። የአንድ አባወራ ማሳ በወንድማማቾች መካከል ሲከፋፈል ኖሮ ዛሬ ብዙው አርሶ አደር ግማሽ ሄክታር የማይሞላ መሬት ይዟል። መሬት ሲጠብ አንድ እርምጃ ድንበር ትልቅ ነገር ይሆናል። የጎረቤት በሬ እንሰት ውስጥ ገባ፤ የጎርፍ መፋሰሻ ቦይ ወደ እኔ ማሳ ተቀደደ፤ የድንበር ተክሉ ተነቀለ፤ አባት ሳይናዘዝ ሞተ፤ እህት የውርስ ድርሻዋን ጠየቀች። አብዛኛው የመንደር ጠብ መነሻው ይህ ነው። በቃል የተጀመረው በዱላ፣ በዱላ የተጀመረው በገጀራ የሚያልቀው በመሐል የሚገባ ሰው ሲጠፋ ነው።

እዚህ ላይ የሽማግሌዎች ሥራ ከፍ ያለ ቦታ አለው። በዱቡሻ ተቀምጠው የሁለቱንም ወገን ቃል ሰምተው የሚያስታርቁ ጪማዎች ፖሊስና ፍርድ ቤት ሊሠሩት የማይችሉትን ይሠራሉ። ፍርድ ቤት ረቺና ተረቺ ይለያል፤ ሁለቱ ግን በማግስቱም ጎረቤቶች ናቸው፤ አንድ ምንጭ ይቀዳሉ፤ አንድ ዕድር ይከፍላሉ። ስለዚህ የድንበር፣ የስድብ፣ የከብት ጥፋትና የመሳሰሉት ጉዳዮች በሽማግሌ ቢያልቁ ለሁሉም ይጠቅማል። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግም እንደ ስድብ ያሉ፣ ተበዳዩ ራሱ ካላመለከተ በቀር የማይከሰስባቸው ጥፋቶች እንዳሉ ይደነግጋል።

ነገር ግን ሁሉም ነገር ለዕርቅ አይቀርብም። ይህን በግልጽ መናገር ያስፈልጋል። አስገድዶ መድፈር፣ ጠለፋ፣ ያለዕድሜ ጋብቻ፣ የሴት ልጅ ግርዛት፣ በትዳር ውስጥ የሚፈጸም የአካል ጉዳት በወንጀል ሕጉ የሚያስቀጡ ናቸው። በአንዲት የዐሥራ አራት ዓመት ልጅ ላይ የተፈጸመ በደል በአንድ ጊደር ካሣ ሲዘጋ ዕርቁ የተፈጸመው በአባቷና በበዳዩ አባት መካከል ነው፤ ልጅቷን ማንም አልጠየቃትም። እንዲህ ያለውን ጉዳይ ሸሽጎ የሚያስታርቅ ሽማግሌ ስሙን ያጎድፋል፤ ይህን እያወቀ ዝም የሚል ፖሊስም ግዴታውን አልተወጣም።

የደላላ ነገርም አለ። የወላይታ ልጆች “ትማራላችሁ፣ ትሠራላችሁ” እየተባሉ ወደ አዲስ አበባና ወደ ሌሎች ከተሞች ሲወሰዱ ኖረዋል፤ ብዙዎቹም ሊስትሮ፣ ሸማኔ ቤት ተቀጣሪና የቤት ሠራተኛ ሆነው ቀርተዋል። በሰው መነገድ በ2012 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 1178 በከባድ ቅጣት የሚያስቀጣ ወንጀል ነው። ደላላውን ግን አዋጁ ብቻውን አይዘውም። ልጁ ከመሄዱ በፊት ነገሩን የሚያውቁት እናት፣ መምህርና ጎረቤት ናቸው። እነርሱ ለፖሊሱ የሚነግሩት ካመኑት ብቻ ነው።

የዕዳ ነገር

አሁን ንግግሩ ወደ ማኅበራቱ በር ይደርሳል፤ ነገሩ ቢከብድም በዓል ስለሆነ ተብሎ የሚታለፍ አይደለም።

በብዙ የአገራችን አካባቢዎች ለማዳበሪያ ብድር ማስመለሻ የቀበሌ አመራር፣ ሚሊሻና ፖሊስ የተሰማሩበት ጊዜ ነበር። ዝናብ ሳይዘንብ ቀርቶ በቆሎው ያልደረሰለት አርሶ አደር በሬው የሚነዳበት፣ ራሱም የሚያዝበት አጋጣሚ ታይቷል። ወላይታ በ1992 እና በ2000 ዓ.ም. ከባድ የምግብ እጥረት ያየ አገር ነው። በእንዲህ ያለ ዓመት ዕዳውን መክፈል ያልቻለ ሰው ሌባ አይደለም።

ሕጉም የሚለው ይህንኑ ነው። ኢትዮጵያ በ1993 እ.ኤ.አ. የተቀበለችው የሲቪልና የፖለቲካ መብቶች ዓለም አቀፍ ቃል ኪዳን በአንቀጽ 11 ማንም ሰው የውል ግዴታውን መፈጸም ባለመቻሉ ብቻ እንደማይታሰር ይደነግጋል። የተያዘ ሰው ደግሞ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 19 መሠረት በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት መቅረብ አለበት። ያልተከፈለ ብድር የፍትሐ ብሔር ጉዳይ ነው። ኅብረት ሥራ ማኅበራትም ከአባላቸው ጋር ሲጣሉ መጀመሪያ በዕርቅ፣ ያ ካልሆነ በግልግል ዳኝነት እንዲጨርሱ በ1991 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 147 ደንግጎ ነበር፤ በ2009 ዓ.ም. የተተካው አዋጅ ቁጥር 985ም ይህንኑ መንገድ አልተወም።

አንዳንድ የኮሚቴ አባል “ፖሊስ ካልሄደ ማን ይከፍላል?” ይላል። ጭንቀቱ እውነት ነው። ብድሩ ካልተመለሰ ማኅበሩ ለሚቀጥለው ዓመት ማዳበሪያ ማምጣት ይቸገራል፤ በወቅቱ የከፈለው አባልም ባልከፈለው ምክንያት ይጎዳል። ሆኖም ሒሳቡን በሌላ በኩልም መሥራት ያሻል። እንበልና ፖሊሱ በጥር ወር የአንድን አባል በሬ ለዕዳ ነድቶ ወሰደ። በመጋቢት ወር ከማኅበሩ መጋዘን ዐሥር ኩንታል ዩሪያ ተሰረቀ። ያ አባል ሌሊት ጋሪ ሲያልፍ አይቷል። ለፖሊሱ ይነግረዋል? አይነግረውም። ሚስቱም፣ ወንድሙም አይነግሩትም። ማኅበሩ የአንድ በሬ ዋጋ አስመልሶ፣ የመንደሩን ሁሉ ዓይንና ጆሮ አጣ ማለት ነው።

ስለዚህ በአቅም ማጣት ያልከፈለውና እያለው ያልከፈለው መለየት አለባቸው። ለመጀመሪያው የጊዜ ማራዘሚያ፣ ለሁለተኛው ደግሞ ሽማግሌ፣ ግልግልና በመጨረሻም ፍርድ ቤት አለ። ሐሰተኛ ደረሰኝ ያዘጋጀ፣ የማኅበሩን ገንዘብ የመነተፈ፣ በሌላ ሰው ስም ማዳበሪያ ያወጣ ሲገኝ ግን ያ ወንጀል ነውና ፖሊስ ይጠራ። ብዙውን ጊዜ የሚታየው ግን የተገላቢጦሽ ነው፤ አንድ ኩንታል ያልከፈለው ድኻ በፖሊስ ይጠራል፤ ሒሳብ ያጎደለው ገንዘብ ያዥ በሽማግሌ ይለመንለታል።

የፖሊሱም ችግር ይታይ

“የቅርብ ጠበል ልጥ ይነከርበታል” እንደሚባለው፣ ሁልጊዜ በዓይን የሚታይ ፖሊስ ክብሩ ሊቀንስ ይችላል። የአገሩ ልጅ ከሆነ ዘመድ ይጎትተዋል፤ “ልጄ፣ ይህንንስ ለእኔ ብለህ ተወው” የሚሉት አክስት አሉት። የሩቅ ሰው ከሆነ ደግሞ የወላይትኛን ወግ ሳይረዳ ይፈርዳል። ደመወዙ አነስተኛ ነው፤ ቀበሌው ሰፊና ጭቃው ብዙ ሆኖ ሳለ ሞተር ሳይክል የለውም። አንዱ ቡና ይጋብዘዋል፤ ሌላው ለፋሲካ ቅርጫ ያስገባዋል። ይህ ሁሉ ወግ ነው፤ ነገር ግን ከወግ ወደ ውለታ፣ ከውለታ ወደ አድልዎ ያለው መንገድ አጭር ነው።

ሌላም አደጋ አለ። ለንደን የሚገኘው የኦቨርሲስ ዴቨሎፕመንት ኢንስቲትዩት በ2013 እ.ኤ.አ. በአማራ ክልል የማኅበረሰብ ፖሊስ ላይ ባወጣው ጥናት ሕዝቡ ከአገልግሎቱ ያገኘውን ጥቅም አመልክቶ፣ አሠራሩ ከመንግሥት መዋቅር ጋር በጣም መቀራረቡ ግን ሥጋት እንደሚፈጥር አንሥቷል። ቤት ለቤት የሚዞር ፖሊስ ልጅ መጥፋቱን ከጠየቀ ጠባቂ ነው፤ ማን ምን እንዳወራ ከጠየቀ ግን ሌላ ነገር ነው። ሕዝቡ ሁለቱን ወዲያው ይለያል። ሁለተኛው ሲጀመር የመጀመሪያው በር ይዘጋል።

ከማን ምን ይጠበቃል?

የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል በ2015 ዓ.ም. ከተመሠረተና ወላይታ ሶዶ ከመቀመጫ ከተሞቹ አንዷ ከሆነች ወዲህ ብዙ መሥሪያ ቤት ቀርቧል። መሥሪያ ቤት መቅረቡ ግን ብቻውን ፍትሕን አያቀርብም። ስለዚህ፦

አንደኛ፣ ማኅበራቱ የመጋዘናቸውን ቁልፍ በአንድ ሰው እጅ ብቻ አያድርጉ፤ ገቢና ወጪ በደረሰኝ ይሁን፤ የቁጥጥር ኮሚቴው ዓመት እስኪሞላ ሳይጠብቅ ይቁጠር። ያልተቆጠረ ንብረት ቢጠፋም መጥፋቱ አይታወቅም፤ መጥፋቱ ያልታወቀን ደግሞ ፖሊስ አይፈልገውም።

ሁለተኛ፣ በቀበሌው አማካሪ ምክር ቤት ውስጥ ማኅበራቱ ተወካይ ይኑራቸው፤ ከተወካዮቹም ሴቶች ይኑሩበት። ሴት በሌለበት ስብሰባ የቤት ውስጥ በደል አይነሣም።

ሦስተኛ፣ የሥራ አመራር ኮሚቴዎች ፖሊስን ለዕዳ ማስመለሻ ላለመጠቀም በጠቅላላ ጉባኤ ወስነው በቃለ ጉባኤ ያስፍሩ። የወረዳና የቀበሌ አመራሮችም እንዲህ ያለ ትእዛዝ ባለመስጠት ይተባበሩ።

አራተኛ፣ ሽማግሌዎች ለዕርቅ የሚሆነውንና የማይሆነውን ከፖሊሱ ጋር ተቀምጠው ይለዩ፤ የማይሆነው ሲመጣ “ይህ የእኛ አይደለም” ብለው ያስተላልፉ።

አምስተኛ፣ ፖሊሱ ሲያጠፋ የሚነገርበት ቦታ ይኑር። ጉቦ የጠየቀ ወይም ሰው የመታ ፖሊስ አቤቱታ የሚቀርበው ለራሱ ብቻ ከሆነ አቤቱታው የትም አይደርስም። ወረዳው ይህን ለሕዝቡ በገበያ ቀን በግልጽ ያሳውቅ።

የተከበራችሁ የማኅበራት አባላት፣

ንግግሩ የተጀመረው “የቀበሌው ፖሊስ የማን ነው?” በሚል ጥያቄ ነበር። መልሱን በደንብና በመመሪያ መጻፍ ይቻላል፤ እውነተኛው መልስ የሚገኘው ግን በሌላ ቦታ ነው። በቀበሌያችሁ ያለች ባሏ የሞተባት፣ ዘመድ የሌላት፣ የማኅበሩን ዕዳ ያልጨረሰች አንዲት እናት አለች እንበል። ሌሊት በሯ ሲንኳኳና ስትደነግጥ ወደ ፖሊሱ ቤት ትሮጣለች ወይስ ከእርሱም ጭምር ትደበቃለች? ከሮጠች ፖሊሱ የሁሉም ነው። ከተደበቀች ግን ፖሊሱ የጥቂቶች ነው፤ የማኅበሩም መጋዘን፣ የእናንተም በረት ያለ ጠባቂ አድሯል ማለት ነው።

ድር ቢያብር አንበሳ ያስራል። ማኅበራችሁ የተመሠረተው በዚህ እምነት ነውና፣ ሰላማችሁንም በዚሁ እምነት ጠብቁ።

መልካም የምሥረታ በዓል!